የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፦ መንገዱ ጥሩ፣ ባቡሩ ጥቂት

አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ከመገናኛ ሜክሲኮ በታክሲ መሄድ ማለት መጀመሪያ ሰልፍ፣ ቀጥሎ ሃያ ሁለት ላይ መቆም፣ ዑራኤል ላይ መቆም፣ እስጢፋኖስ ላይ እንደገና መቆም ነው። ባቡሩ ያንኑ መንገድ በራሱ ሐዲድ ይሄደዋል። ታክሲ አይዘጋበትም፣ ረዳት አያስቆመውም፣ የተበላሸ ሲኖትራክ ከፊቱ አይገተርበትም። አንዴ ለተሳፈረ ሰው በከተማው ውስጥ ይህን የሚያህል መጓጓዣ የለም። ጣጣው ሁሉ ያለው ከመሳፈር በፊት ነው። ስለዚህ "ባቡሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ጣቢያ፣ ወደየት አቅጣጫ እንደምትሄዱ ይለያያል። ነጥብ መስጠት ግድ ከሆነ ለመስመሩ አቀማመጥ ከአምስት አራት፣ ለዋጋው አምስት፣ ለድግግሞሹ ግን ከአንድ በላይ መስጠት ያስቸግራል።

መስመሮቹ ሁለት ናቸው። አረንጓዴው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17.4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሰማያዊው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 16.9 ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 22 ጣቢያ አላቸው። አምስቱን ግን አብረው ስለሚጠቀሙባቸው ጠቅላላው 39 ይሆናል። ከጣቢያ እስከ ጣቢያ በአማካይ 800 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ይህም በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ ሰማያዊው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ አረንጓዴው ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ በብድር የተገኘ ነው። የገነባው ሲአርኢሲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ባቡሩ ለምን ይዘገያል? ከሐዲዱ ይልቅ ቁጥሩን ማየት ነው። ሲጀመር 41 ባቡሮች ገብተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በሥራ ላይ የነበሩት ስምንት ገደማ ብቻ መሆናቸው ተነግሯል፤ የቆሙትን ለመጠገን ደግሞ 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስፈልግ ተገልጾ ነበር። ይህ ቁጥር ፌርማታ ላይ ለቆመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። አንድ ባቡር አያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ደርሶ፣ ሾፌሩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ዞሮ፣ ተመልሶ አያት እስኪገባ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መስመሩ ላይ አራት ባቡር ብቻ ካለ በየ30 ደቂቃው አንድ ይመጣል ማለት ነው። ሃያ ቢኖር በየስድስት ደቂቃው ይሆን ነበር። ሰልፉም ግፊያውም ሙቀቱም ከዚህ ነው የሚመጣው። ሾፌር ቢቀየር፣ የትኬት መሸጫ ቢጨመር፣ ፀጥታ አስከባሪ ቢበዛ ባቡር እስካልተጨመረ ድረስ ሰልፉ አይቀንስም።

ሁለት ባቡር አንድ ላይ ተቀጣጥሎ ሲመጣም አለ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይህን ያየ ሰው ደስ ይለዋል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። አራቱ ባቡሮች ሁለት ሁለት ሆነው ከሄዱ የሚመጡት በየሰዓቱ ይሆናል። ተቀጣጥሎ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ቀጣዩ ባቡር ከወትሮው ይርቃልና፣ ጅራቱን አይታችሁ ከሆነ ቆማችሁ ከመጠበቅ ታክሲ መፈለጉ ይሻላል። ተቀጣጥሎ ሲመጣ ደግሞ መሳፈሪያው ላይ መሃል አትቁሙ። ሰው ሁሉ ደረጃው አጠገብ ስለሚከመር የሚሞላው ደረጃው ፊት የሚቆመው በር ነው። ወደ መሳፈሪያው ጫፍ 20 ወይም 30 እርምጃ ራቅ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጋፋ ይገባል።

አንዱ ባቡር ሦስት ክፍል ያለው፣ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ነው። ከ280 ሰው በላይ ይይዛል ተብሎ የተሠራ ቢሆንም አብዛኛው ሰው የሚሄደው ቆሞ ነው። ከወለሉ 70 በመቶው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከመሳፈሪያው ቀጥ ብሎ ይገባበታል። ሻንጣ፣ የሕፃን ጋሪ ወይም ክራንች የያዘ ሰው ወደ መሃለኛው በሮች ቢሄድ ይሻለዋል፤ ወደ ሁለቱ ጫፎች ወለሉ ከፍ ይላል። ባቡሩ ሲሞላ አየር ያጥራል፤ መስኮት አጠገብ መቆም የሚቻል ከሆነ ያንን ቦታ ያዙ። ልብስ የሚደራርብ ሰው ከመግባቱ በፊት ጃኬቱን ቢያወልቅ ይሻለዋል። ከገባ በኋላ ክንድ ማንሻ ቦታ የለም።

ትኬት የሚቆረጠው ባቡሩ ውስጥ አይደለም፤ ጣቢያው አጠገብ ካሉት ትንንሽ መሸጫዎች ነው። ዋጋው በርቀት ይለያያል። ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በታክሲ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተቆራርጦ ከሚከፈለው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ትኬት ስትቆርጡ የምትወርዱበትን ጣቢያ ስም በግልጽ ተናገሩ። "ወደ ሜክሲኮ አካባቢ" ብሎ ቆርጦ ልደታ የወረደ ሰው ከተቆጣጣሪ ጋር መነታረኩ አይቀርም። ዝርዝር ብር ያዙ፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት 200 ብር ይዞ መስኮቱ ላይ የሚደርስ ሰው ከኋላው ያለውን ሰልፍ በሙሉ ያስቆማል። ትኬቱን እስክትወርዱ አትጣሉት፤ ተቆጣጣሪ በማንኛውም ጣቢያ ሊጠይቅ ይችላል፣ ያለ ትኬት የተገኘም ይቀጣል። የመመለሻውን ትኬት አብሮ መቁረጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተቻለ ማታ አንዱን ሰልፍ ያስቀርላችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ስታዲየም፣ ለገሀር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ እና ልደታ፣ እነዚህ አምስቱ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ የሚያልፉባቸው ናቸው፤ እዚህ ላይ ሐዲዱ በአብዛኛው ድልድይ ላይ ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ባቡር ልደታ ላይ ሲደርስ ወይ ወደ ጦር ኃይሎች ይቀጥላል፣ ወይ ወደ መርካቶና ምኒልክ አደባባይ ይታጠፋል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ደግሞ ስታዲየም ላይ ወይ ወደ አያት ወይ ወደ ቃሊቲ ይለያል። ስለዚህ ሜክሲኮ ቆሞ "ባቡር መጣ" ብሎ ዘሎ መግባት አያዋጣም። ግንባሩ ላይ የተጻፈውን መድረሻ አንብቡ፤ ጽሑፉ ካልበራ ወይም ካልታየ ቀለሙን እዩ፣ አረንጓዴው የአያት፣ ሰማያዊው የቃሊቲ ነው። እሱም ካልሆነ በሩ ላይ ያለውን ሰው "አያት ነው ቃሊቲ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሰው ይመልሳል፤ ራሱም ጠይቆ ነው የገባው።

መስመር ለመቀየር የት መውረድ እንዳለበትም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከአያት ተነሥቶ መርካቶ የሚሄድ ሰው አቅጣጫው አይቀየርም፤ ከአምስቱ በአንዱ ወርዶ እዚያው ሰማያዊውን መጠበቅ ይበቃዋል። የሚመረጠው ሜክሲኮ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ስለሚወርድ የሚመጣው ባቡር ላይ ቦታ ይገኛል። ከጦር ኃይሎች አውቶቡስ ተራ የሚሄድ ግን ልደታ ላይ ወርዶ ወደ መጣበት አቅጣጫ መታጠፍ አለበት፤ ልደታን አልፎ ሜክሲኮ ከደረሰ ሁለት ጣቢያ በከንቱ ሄዷል። ከቃሊቲ መገናኛ የሚሄድም እንዲሁ ስታዲየም ላይ ነው የሚወርደው። በእውነቱ ለጦር ኃይሎችና ለመርካቶ ሰው መቀየሩ አያዋጣም፤ ከጦር ኃይሎች በኮልፌ በኩል ወይም በቀጥታ ታክሲ ይሻላል። ከቃሊቲ መገናኛም ባቡር ሁለት ጊዜ ከመጠበቅ በቀለበት መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

ለአረንጓዴው መስመር ትልቁ ተጠቃሚ የምሥራቁ ሠፈር ነው። አያት፣ መሪ፣ ሲኤምሲ፣ ቅዱስ ሚካኤል፣ ሲቪል ሰርቪስ፣ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት፣ ጉርድ ሾላ 1 እና 2፤ በነዚህ ዙሪያ ያለው የሪል ስቴትና የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጠዋት ጠዋት ወደ መሃል ከተማ ይፈሳል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል። አያት መነሻ ስለሆነ እዚያ ለሚሳፈር መቀመጫ ማግኘት ይቻላል፤ ሲኤምሲ ላይ መቆሚያ ይገኛል፤ ጉርድ ሾላ ላይ ደግሞ በሩ ይከፈታል እንጂ መግቢያ የለም። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ጉርድ ሾላ ያለ ሰው አንድ ወይም ሁለት ባቡር ሳይሳፈር እንደሚያልፈው ቆጥሮ ይውጣ፤ ወይም መገናኛ ድረስ በታክሲ ይሂድ፣ እዚያ ብዙ ሰው ስለሚወርድ ቦታ ይለቀቃል። ከአያት ወዲያ ያሉት የካ አባዶና ጣፎ ባቡር አይደርሳቸውም፤ ነዋሪዎቻቸው አያት ድረስ በታክሲ መጥተው ነው የሚሳፈሩት፣ ለዚህም ነው አያት መነሻ ሆኖ እንኳ ጠዋት ሰልፍ የማያጣው። ሰሚት የሚሄድ ቅዱስ ሚካኤል ይውረድ።

መገናኛ የመስመሩ ልብ ነው፤ የቦሌ፣ የኮተቤ፣ የገርጂ፣ የሾላ፣ የሁሉም ታክሲ እዚያ ነው። የአካባቢው የእግር መንገድ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ስለተሠራ ከጣቢያ ወደ ታክሲ ተራ መሻገሩ ከበፊቱ ቀሏል። ሆኖም ስልካችሁን በእጅ ይዛችሁ አትቁሙ። እዚህና ሜክሲኮ ላይ የተለመደው የሌብነት ዘዴ በር አጠገብ የቆመን ሰው በሩ ሊዘጋ ሲል ስልኩን መንትፎ መውረድ ነው። በሩ ተዘግቶ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሌባው መሳፈሪያው ላይ ነው፣ ባለ ስልኩ ውስጥ። ቦርሳ ከፊት፣ ስልክ ከውስጥ ኪስ፣ ከበሩ ራቅ ማለት።

ከመገናኛ ወዲህ ለም ሆቴል፣ ሃያ ሁለት 1 እና 2፣ ዑራኤል፣ ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ ተቀራርበው የተደረደሩ ናቸው። ቦሌን ባቡር አይነካትም። አትላስ አካባቢ የሚሄድ ሃያ ሁለት ወርዶ በእግሩ ይቁረጥ፤ ደምበልና ኦሎምፒያ የሚሄድ እስጢፋኖስ ወይም ስታዲየም ይሻለዋል። ካዛንቺስ ለሚሄድ ዑራኤልም እስጢፋኖስም ይቀርቡታል፤ ሠፈሩ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በብዛት ፈርሶ እየተሠራ ስለሆነ በድሮ ምልክት መንገድ አትፈልጉ። የኢሲኤው (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) አዳራሽና መስቀል አደባባይ ከእስጢፋኖስ ጣቢያ ጥቂት እርምጃ ናቸው። በመስቀል ደመራና በሩጫ ውድድር ቀን ይህ አካባቢ ስለሚዘጋ ባቡሩም ሊቋረጥ ይችላል፤ በነዚያ ቀናት ጠዋት ወጥቶ ባቡር ላይ መተማመን ራስን ማሞኘት ነው።

ለገሀር ለሁለት ዓይነት ሰው ይጠቅማል፤ በብሔራዊ ቴአትርና በባንኮቹ አካባቢ ጉዳይ ላለው፣ ሌላው ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወይም ኢሚግሬሽን ለሚሄድ። ለኋለኞቹ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ 15 ደቂቃ ያህል ማስኬዱ አይቀርም። በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው ለዚያች ዳገት የታክሲ ሒሳብ ይያዝ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር አሮጌ ጣቢያ እዚያው ነው፤ ዛሬ ግን ከለገሀር ወደ ጅቡቲ የሚነሣ ባቡር የለም፤ ይህን ኋላ እንመለስበታለን። ሜክሲኮ ለአፍሪካ ኅብረት ቅርብ ነው፣ ወደ ሳር ቤት አቅጣጫ በእግር 15 ደቂቃ ያህል፤ ለጀሞ፣ ለለቡና ለአየር ጤና ታክሲም መነሻ ነው። ተግባረ ዕድ ለባልቻ ሆስፒታል፣ ልደታ ለፍርድ ቤቱ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው ከ3 ሰዓት በፊት መድረስ ካለበት በባቡር አይመካ። ዘግይቶ የደረሰ ሰው "ባቡር ቀረብኝ" ቢል የሚሰማው የለም። ከዚያ ኮካ ኮላን አልፎ ጦር ኃይሎች ያበቃል፤ አየር ጤና፣ ቤተልና ኮልፌ የሚሄዱት ከዚያ በታክሲ ይቀጥላሉ።

ማታ ከሜክሲኮ ወደ አያት ለሚመለስ ሰው አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ ወደ ኋላ ሄዶ መሳፈር። ከሜክሲኮ ጦር ኃይሎች አራት ጣቢያ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር ይላላል፤ ጦር ኃይሎች ደርሶ ሲዞር መቀመጫ ይዞ መመለስ ይቻላል። ለተጨማሪው መንገድ ትኬት መቁረጥ አለባችሁ፤ ከ25 እስከ 30 ደቂቃም ይጨምራል። ለሲኤምሲና ለአያት ነዋሪ ያዋጣል፣ በተለይ እግሩን ለሚያመው። መገናኛ ለሚወርድ ግን ትርፍ ድካም ነው።

ሰማያዊው መስመር ሌላ ጠባይ አለው። እዚህ የሚሳፈረው ሰው ከቢሮ ሠራተኛ ይልቅ ነጋዴ፣ ተሸካሚ፣ የፋብሪካ ሠራተኛና ዕቃ ገዝቶ የሚመለስ ነው፤ ስለዚህ ግፊያው ከጠዋትና ከማታ ይልቅ ቀኑን ሙሉ የተበተነ ነው። የሰሜኑ ጫፍ ምኒልክ አደባባይ ሐዲዱ መሬት ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው። ከላይ ሲወጣ ጊዮርጊስ፣ የምኒልክ ሐውልትና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛሉ። አራት ኪሎ የሚሄድ ከዚህ በእግር ወይም በታክሲ ይቀጥላል። የቀድሞው የፒያሳ ሱቆች ብዙዎቹ ስለፈረሱ ወርቅ ቤት ወይም አሮጌ ሆቴል ፈልጎ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ።

ቀጥሎ ያለው ጣቢያ አትክልት ተራ ይባላል፣ አትክልት ግን የለበትም። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ጣቢያው ስሙን ይዞ ቀረ፤ ሽንኩርት በጅምላ ልግዛ ብሎ እዚህ የሚወርድ እንግዳ ዛሬም አይጠፋም።

ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራና ሰባተኛ የመርካቶ በሮች ናቸው። የክፍለ ሀገር አውቶቡስ የሚፈልግ አውቶቡስ ተራ ይውረድ፤ ወደ መርካቶ ጨርቃጨርቅና ዕቃ ተራ የሚሄድም ከዚያ በእግሩ ይገባል። ዕቃ ጭኖ መመለስ ላይ ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። በሁለት እጅ የሚያዝ ፌስታል ወይም ሻንጣ ችግር የለውም። ጆንያ፣ የታሰረ ፍራሽ፣ ረጅም ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ ግን በር ላይ ያጣላል፤ ፀጥታ አስከባሪ ሊመልሰው ይችላል፣ ተሳፋሪውም አይታገሥም። ቧንቧና ብረት ላይ ክርክሩ ቀልድ አይደለም፤ ከላይ ያለው ሽቦ 750 ቮልት ነው፣ መሳፈሪያ ላይ ረጅም ብረት ቀጥ አድርጎ መያዝ ሊገድል ይችላል። ከአብነትና ከዳርማር በኋላ ልደታ ላይ ከአረንጓዴው ጋር ይገናኛል።

ከስታዲየም በኋላ ሰማያዊው ወደ ደቡብ በደብረ ዘይት መንገድ ይወርዳል፤ መሿለኪያ፣ ሪቼ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ላንቻ፣ በጎተራ በኩል ንፋስ ስልክ 1 እና 2፣ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፣ አቦ፣ ቃሊቲ። ይህ ክፍል የሠራተኛ መስመር ነው፤ ፋብሪካና መጋዘን በግራና ቀኝ ተደርድሯል። በአጥር የተከለለ ሐዲድ መንገዱን መሃል ለመሃል ስለሚከፍለው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው መሻገሪያ ፍለጋ ብዙ ያስኬዳል። በስተቀኝ ያለ መጋዘን የሚሄድ ሰው ጣቢያው ላይ ሳለ በስተቀኝ መውጣቱን ያረጋግጥ፤ በስተግራ ከወጣ እስከ ቀጣዩ መሻገሪያ ድረስ ሄዶ መመለሱ ነው። አጥር የሚዘል አለ። እባካችሁ አትዝለሉ፤ ባቡሩ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ ሾፌሩ ቢያይም ባለበት ማቆም አይችልም።

ስለ ብልሽቱ ትንሽ እንጨምር፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው መቼ መጠበቅ፣ መቼ መሄድ እንዳለበት ይወስናልና። ባቡሮቹ በሙሉ የአንድ የቻይና ፋብሪካ ምርት ናቸው፤ መለዋወጫው ከዚያው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነ አንድ የተበላሸ ክፍል ባቡሩን ለወራት ሊያቆመው ይችላል። ይህ ድግግሞሹን የሚቀንሰው ነው፣ ተሳፋሪው በዕለቱ የሚያየው ነገር ግን አይደለም። በዕለቱ የሚያጋጥሙት ሌሎች ናቸው። አንዱ የኃይል መቋረጥ ነው፤ በአንድ ክፍል ኃይል ሲጠፋ በዚያ ክፍል ያለ ባቡር ባለበት ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳልና ከባቡር ለመውረድ አትቸኩሉ። ሌላው መኪና አጥር ጥሶ ሐዲድ ላይ መውጣቱ ነው፤ ይህ ከሆነ መኪናው እስኪነሣ፣ አጥሩና ሽቦው እስኪፈተሽ ሰዓታት ይፈጃል፣ ታክሲ ፈልጉ። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ብልሽቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው የጋራ ሐዲድ ላይ ከደረሰ ሁለቱም መስመሮች ይታመሳሉ። አያት ቆማችሁ "ልደታ ላይ ባቡር ቆሟል" የሚል ወሬ ከሰማችሁ የሚመለከተን አይደለም አትበሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አያት ይደርሳል።

አሳንሰርና ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ሐተታ አያስፈልግም፤ ድልድይ ላይ ባሉት ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ቆመው ይገኛሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ከለገሀርና ከሜክሲኮ ይልቅ በመንገድ ደረጃ ያሉትን የምሥራቅ ጣቢያዎች ይምረጥ፤ እነሱም መንገድ አቋርጦ መድረስን ይጠይቃሉ፣ ግን ደረጃ የለባቸውም። ይህ የመስመሩ ትልቁ ነውር ነው። አሳንሰር ተሠርቶ፣ ቦታው ተይዞ፣ አዛውንቶች አጠገቡ ባለው ደረጃ ምርኩዝ ይዘው ሲወጡ ማየት ያሳፍራል።

የመጀመሪያው ባቡር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ይነሣል። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ግን መመለሻ እንዲሆን አትቁጠሩት፤ ካገኛችሁት ዕድል ነው። ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው የቀኑ ክፍል ባቡሩ በጣም ጥሩ ነው፤ ጥበቃው ያው ቢሆንም መቀመጫ ይገኛል፣ ከአያት ስታዲየም ከ40 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። እሑድ ጠዋትም እንዲሁ። ለጉዳይ ወደ መሃል ከተማ የሚወጣ፣ ሰዓቱን ራሱ የሚመርጥ ሰው ታክሲን ሊረሳ ይችላል። የሥራ መግቢያ ሰዓት ለሚያስገድደው ግን ምክራችን አንድ ነው፤ ጣቢያው ላይ ስትደርሱ ሰልፉን እዩ፣ የመጨረሻው ባቡር መቼ እንዳለፈ ቀድሞ የቆመውን ሰው ጠይቁ፤ "አሁን ሄደ" ካለ በአንበሳ ወይም በሸገር አውቶቡስ ሂዱ።

ቃሊቲ ላይ መስመሩ ያበቃል። ብዙ እንግዳ የድሬዳዋና የጅቡቲ ባቡር ከቃሊቲ ወይም ከለገሀር የሚነሣ ይመስለዋል፤ የሚነሣው ግን ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው፣ ቀላል ባቡሩም እዚያ አይደርስም። ሻንጣ ይዞ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ሜክሲኮ ላይ ወርዶ በለቡ ታክሲ ይሂድ፤ ከለቡም እስከ ጣቢያው ድረስ ሌላ ታክሲ ወይም ባጃጅ ያስፈልገዋል። ባቡሩ የሚነሣው በማለዳ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዉትና ከቤት በቀጥታ ኮንትራት ያዙ።